የጨው ሠሪው ልጅ መልስ፤ ወደ ሲያትል ያደረስኩት መጽሐፍ

ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ አራት ወር ካለፈኝ በኋላ ነው። አሜሪካን አይቶ የጻፈ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ ሕንጻውና ስለ መንገዱ ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ አይጠፋም። እኔ የሄድኩት አንድ መጽሐፍ ለባለቤቱ ለማድረስ ስለነበረ የምተርከውም በዚያው ዙሪያ ይሆናል። መጽሐፉ የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ሠላሳ ሰባት ዓመት በእኔ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

በወጣትነቴ፣ ከቅኔ ቤት ወጥቼ ዘመናዊውን ትምህርት ከጨረስኩ በኋላ፣ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ጃፓን አገር፣ ኦሳካ ከተማ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። እዚያ ጆሩሪ የሚባል ጥበብ አለ። አንድ ተራኪ መጽሐፍ ፊቱ ዘርግቶ ተንበርክኮ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ሻሚሴን የሚባል ባለሦስት አውታር መሣሪያ የሚመታ ሰው አለ፤ ተራኪው የአባትንም የልጅንም የሽማግሌንም ድምፅ ብቻውን እያወጣ ሙሉ ታሪኩን በዜማ ይዘልቀዋል። ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፤ ሆኖም መጽሐፉን ሳይዘረጋ አይጀምርም፤ ከመጀመሩም በፊት በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ግንባሩ ያስጠጋዋል። ከቃላቱ ጎን በቀይ ቀለም የተጻፉ ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች አሉ። ድጓ ላየ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። እኔንም የሳበኝ ይኸው ስለነበረ ከአንድ አዛውንት መምህር ዘንድ ለመማር ገባሁ። ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድመው የገቡ ፉሚኮ የሚባሉ ወጣት ሴት ነበሩ። በእነርሱ ወግ ቀድሞ የገባ ተማሪ ታላቅ ነውና አንቱ እላቸው ነበር፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ወደ አገሬ ልመለስ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ መምህራችን ታመው ተኙ። ፉሚኮ በአባታቸው ሞት ምክንያት ወደ መንደራቸው ሄደው ነበር። መምህሩ በእጃቸው የጻፉትን አንድ መጽሐፍ ሰጡኝና፣ «ለፉሚኮ ስጥልኝ። የመጨረሻውን ሰባት ቅጠል ገና አላስተማርኳትም» አሉኝ። እኔ ግን አልሰጠሁም። ገልብጬ እልካለሁ በሚል ሰበብ ይዤው መጣሁ። መምህሩ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ቃሉን ገለበጥኩ፤ ቀዩ ምልክት ላይ ስደርስ ግን እጄ እሺ አላለኝም፤ ምልክቱን የሚገለብጠው መምህሩ የፈቀዱለት ተማሪ ብቻ ነው፣ ለእኔም አልፈቀዱልኝም። እጽፋለሁ ያልኩትን ጥናትም ሳልጽፈው ቀረሁ። ቀስ በቀስ ስለ ኦሳካ ለማንም መናገር ተውኩ።

አዲሱ ሚሊኒየማችን ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሲያትል የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሕይወት አንድ ማስታወቂያ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ካፒቶል ሂል በምትሠራበት ካፌ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። አንዲት ነጭ ጠጕር ጃፓናዊት መጽሐፍ ዘርግተው ተንበርክከዋል፤ በግራቸው የኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ ሰው፣ በቀኛቸው ከበሮ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያኔ የተማሩት ነገር ይሄ አይደለም?» ብላ ጽፋለች። ስሙን አነበብኩ። በወሩ ቪዛ ለመጠየቅ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ረቡዕ። የአውሮፕላኑን ጉዞ አላስረዝመውም። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው እስከ ዋሽንግተን ተኛ፤ እኔ ደግሞ ለወይዘሮ ፉሚኮ የምነግራቸውን ምክንያት ሳበጃጅ ነጋልኝ። «አብዮት መጣ፣ ፖስታ ተቋረጠ» የሚል ነበር። አጭርና ክብር ያለው ምክንያት ሆኖ ታየኝ። አንድ እንከን ብቻ ነበረበት፤ እውነት አልነበረም። ልብ ብሎ ለሚያነብ ሰው የዚህ ጉዞ ጥያቄ ሁሉ ይኸው ነው፦ መጽሐፉን ከነውሸቱ አደርሳለሁ ወይስ ያለ ውሸቱ?

ዋሽንግተን ላይ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ሽሮውንና በርበሬውን አሽትቶ አስነጠሰና አለፈው። በነጠላ የተጠቀለለውን መጽሐፍ ሲያገኝ ግን እጁን ሰበሰበ።

«ቅዱስ መጽሐፍ ነው?»

«አይደለም፤ የሰው ነው» አልኩት። ምን እንደ ገባው አላውቅም፤ እንደ ነበረ አድርጎ ጠቅልሎ መለሰልኝ። እኔ እንኳ እንዲያ አሳምሬ አልጠቀልለውም።

ሲያትል የተቀበለኝ የሕይወት ባል ታደለ ነው። ከሆቴሎች ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ያመላልሳል፤ መንገዱን ሁሉ እንደ ጓሮው ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሕይወት ሥራ ላይ ናት፣ አሁን ኮል አደርግላታለሁ። ሶ፣ ያንን ቦርሳ ይስጡኝ።»

«ይህን እኔ እይዘዋለሁ።»

«ወርቅ ነው እንዴ?»

«መጽሐፍ ነው።»

«እሱማ ከወርቅም ይከብዳል» አለና ሌላውን ሻንጣ አነሣ።

ቤታቸው ሌክ ሲቲ፣ ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ ነው። መኝታ ቤታቸውን ለእኔ ለቀው እነርሱ ሳሎን ላይ ፍራሽ ዘርግተው እንደነበረ ያወቅኩት በማግሥቱ ነው። ብቃወምም አልሰሙኝም።

ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ። ሁለቱም ሥራ ሄዱ። ቅዳሜ የወይዘሮ ፉሚኮ ትርኢት የሚታይበትን አዳራሽ አስቀድሜ ልየው ብዬ ብቻዬን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዝናብ ነበር። የእኛ ዝናብ መጥቶ፣ ተቆጥቶ፣ ይሄዳል፤ የሲያትሉ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚያጫውት እንግዳ ነው፣ ልሂድ አይልም። ጃንጥላ የያዝኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከተባለው ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩና ጠፋሁ። አገር ቤት አንዱን መንገደኛ ብትጠይቁ ሦስት ሰው ይመልስላችኋል፤ ሦስቱም ይለያያሉ፣ ግን አንዱ ይዟችሁ ይሄዳል። እዚህ ሁሉም በትሕትና ይቅርታ ጠይቆኝ አለፈ።

ያዳነኝ በአንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ የተቀመጠ፣ ዕድሜው ከሃምሳ የዘለለ የትግራይ ሰው ነው። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ስቆም አይቶ መስኮቱን ከፈተ።

«አባት፣ ጠፍተዋል አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«እዚህ አገር እጁን እንደዚህ አድርጎ የሚቆም ሰው የለማ። ይግቡ፣ ዝናቡ ይመታዎታል።»

ሙቅ ሻይ ሰጠኝ፤ እምቢ ብልም ከምሳው ግማሹን ገምሶ በክዳኑ ላይ አቀረበልኝ። ተተኪው ሲመጣ አዳራሹ ድረስ በእግሩ አደረሰኝ። አዳራሹ ተቆልፎ ነበር። ሁለታችንም በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየንና ባዶ ወንበር ብቻ ስለነበረ ተመለስን። ስሙን ሳልጠይቀው መለያየታችን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በእራት ላይ ታደለ «ለምን ኮል አላደረጉልኝም?» ብሎ ከተቆጣ በኋላ ጨዋታውን ወደ መጽሐፉ አዞረው።

«ግን ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሰው መጽሐፍ ይህን ያህል ዘመን እንዴት እርስዎ ጋ ቀረ?»

የተዘጋጀውን ተናገርኩ፤ አብዮቱን፣ ፖስታውን። ታደለ ራሱን ነቀነቀ። ሕይወት ወጡን እየጨመረችልኝ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣

«እማዬ ግን ያን ጊዜ ከጃፓን ደብዳቤ ይመጣልዎት ነበር ትል ነበር። ቴምብሩን እየላጠች ታስቀምጥ ነበር አሉ። እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፤ ወፍ ያለበት» አለች።

«ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ» አልኩ። ደብዳቤዎቹ አራት ነበሩ፤ ሁሉም የወይዘሮ ፉሚኮ ናቸው። መምህሩ የተዉልኝ ነገር አለ ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። አንዱንም አልመለስኩም።

ሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ። ሕይወት በማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ መምጣቴን ነግራቸው ስለነበረ ወይዘሮ ፉሚኮ ለምሳ ጠርተውኝ ነበር። ታደለ እያደረሰኝ በመንገድ ላይ አንድ ነገር አስጨነቀው።

«ጾም ነው እኮ ዛሬ። ጃፓን ደግሞ ያለ ዓሣ አይበላም አሉ።»

«ዓሣ የሚፈቅድም የሚከለክልም አባት አለ።»

«የእኛ ሰፈር ቄስ ይከለክላሉ። የወንድሜ ሰፈር ይፈቅዳሉ። እንደ ፓርኪንግ ነው፤ ከመንገዱ ወዲህ ያስቀጣል፣ ወዲያ ነጻ ነው።» ይህን ብሎ እኔን በር ላይ አውርዶ ሄደ።

ቤታቸው ካፒቶል ሂል ላይ ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ጫማዬን ሳወልቅ የግራ ካልሲዬ አውራ ጣት ላይ ተቀዶ አየሁት፤ ወይዘሮ ፉሚኮም አዩት፣ ሁለታችንም ያላየን ሆንን። ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ በጣም የቀጠኑ ሴት ሆነዋል። ጃፓንኛዬ መጀመሪያ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ አለ፤ ከዚያ ተከፈተ። ሾርባው ውስጥ ዓሣ እንደሌለ፣ በባሕር ውስጥ በሚበቅል ቅጠል ብቻ እንደ ተሠራ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ጾማችንን ከኦሳካ ዘመን ጀምሮ አልረሱትም ነበር። ይህ ደግነት ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

ከምግቡ በኋላ ነጠላውን ፈትቼ መጽሐፉን በሁለት እጄ አቀረብኩ። እጃቸውን ታጥበው መጡ። አነሡት፤ ወደ ግንባራቸው አስጠጉት፤ ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆዩ። አልገለጡትም።

«እንዴት?» አሉ።

የተዘጋጀው ምክንያት ከአፌ ሳይደናቀፍ ወጣ።

«ያኔ አራት ደብዳቤ ጽፌልዎ ነበር። አልደረሱዎትም ማለት ነው?»

«አልደረሱኝም።»

«ደግ ሆነ» አሉና ጥቂት ሳቁ። «አራተኛው ላይ ተሳድቤ ነበር።»

ተሳድበው ነበር። ስድቡን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ባጭሩ ላስቀምጥ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመጣልና። በመጽሐፉ ያለው ታሪክ በባሕር ዳር ጨው እያፈላ ስለሚኖር ሰው ነው። ሴት ልጁ አንድ ተሳዳጅ በጨው ጎተራው ውስጥ ትደብቃለች። አባትየው ወደ ቤት ሲመለስ ተሳዳጁን እንዲፈልግ ታዝዞ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ልጄ፣ ጎተራው ውስጥ ሰው አለ ወይ?» ይላታል። ወይዘሮ ፉሚኮ የተማሩት እስከዚህ ድረስ ነው። መልሷ በሰባቱ ቅጠል ውስጥ ነበረ፤ እርሳቸው የሚያውቁት ሌላ ግልባጭ ደግሞ የለም። ወደ አሜሪካ መጥተው፣ ባል አግብተው፣ ባል ቀብረው፣ ካረጁ በኋላ አንድ ጊታር መቺ ተዋወቁ፤ የታወቀ ዜማ መምታት የሰለቸው፣ ከመሣሪያው ያልተለመደ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ነው። ከእርሱ ጋር ታሪኩን እንደገና ጀመሩት።

«መልሱን ስለማላውቅ እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ አቆም ነበር» አሉ። «እርሱ ግን፣ እዚያ ጋ ለእኔ ይተዉልኝ አለኝ። እኔ በበኩሌ ልጅቷ ዋሽታለች ብዬ ነው የማስበው። ጩኸቱ ውሸቷን የሚሸፍንላት ይመስለኛል።»

ሰባቱን ቅጠል ከነገው ትርኢት በፊት እንደማይገልጡ ነገሩኝ። የለመዱትን እንዳያናጋባቸው ነው።

አራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ። ትርኢቱ ከቀትር በኋላ ነበር። ታደለ ፈረቃውን ቀይሮ አብሮኝ ገባ፤ ሕይወት ለጆሮው የሚሆን ጥጥ በኪሱ አድርጋለት ነበር። ጊታር መቺው ኔት ይባላል፤ መላጣ፣ ዐይን አፋር ሰው ነው፣ በሳምንቱ ቀናት ሬድመንድ በምትባል ጎረቤት ከተማ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። ከበሮዋን የምትመታው ወፍራም ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከመምታት ይልቅ ትጠብቅ ነበር። ወይዘሮ ፉሚኮ ተንበረከኩ፤ የለመዱትን የራሳቸውን መጽሐፍ አነሡ፤ ጀመሩ።

ስለዚህ ሙዚቃ ፍርድ ለመስጠት ሄጄ አልነበረም፤ ቢሆንም ጠላዋለሁ ብዬ እጠብቅ ነበር። ኔት ጅማቶቹን በብረት ይፍቃል፤ መሣሪያው ይጮኻል፣ ይንቋቋል፣ ድንገት ይጠፋል።

«ጋሼ፣» አለ ታደለ በጆሮዬ፣ «ይሄ ዘፈን ነው ጋራዥ?»

«ስማ።»

«እየሰማሁ እኮ ነው የምጠይቅዎት።»

ጥቂት ቆይቶ ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ማዳመጥ ጀመረ። እኔም አንድ ነገር እየገባኝ መጣ። ጊታሩ ሻሚሴኑ ይሠራው የነበረውን ይሠራ ነበር፤ ተራኪዋ ትንፋሽ በምትወስድበት ቦታ ቃሉን እንደ ሰው ይጠባበቃል። በማኅሌት ላይ ከበሮው እየተመታ፣ እየፈጠነ ሲሄድ መሪውን ሳያጣድፍ እንደሚከተለው ነው። መንገዱ ሌላ ነው፤ ጨዋነቱ ግን አንድ ነበረ። መምህራችን ይህን ቢሰሙ ይቆጡ ይሆናል፤ ተነሥተው ግን አይወጡም ነበር።

ከዚያ አባትየው በሩ ላይ ደረሰ። «ልጄ፣ ጎተራው ውስጥ ሰው አለ ወይ?» አሉ ወይዘሮ ፉሚኮ በሽማግሌ ድምፅ፤ አፋቸውን ዘጉ። ጩኸቱ ተነሣ። ወንበሬ በሥሬ ተንቀጠቀጠ። ታደለ ጥጡን አውጥቶ በዐይኑ ጠየቀኝ፤ እምቢ አልኩ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ፤ ወይዘሮ ፉሚኮ በዚያ ሁሉ ውስጥ አልተንቀሳቀሱም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጅቷ ምን እንደ መለሰች የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሕዝቡ ጩኸቱን ያጨበጭብለታል፤ ጩኸቱ ግን የእኔ ዝምታ ነበር። እኔ ስለ ዘጋሁት እርሳቸው በሌላ ነገር ሞሉት።

ሰው ሲበተን ከመድረኩ ኋላ ገባሁ። ወይዘሮ ፉሚኮ ካባቸውን እያጠፉ ነበር።

«ፖስታው አልተቋረጠም» አልኳቸው። «አራቱም ደብዳቤ ደርሶኛል። መጽሐፉን ያስቀረሁት ወድጄ ነው። መምህሩ ለእኔ ሳይሆን ለእርስዎ ስላሉ ከፍቶኝ ነበር።»

ካባውን በአራት አጠፉት፤ ዘረጉት፤ እንደገና አጠፉት። ፊታቸውን አላየሁም። ከዚያ፣ «ነገ ከቀትር በኋላ እንለማመዳለን። ይምጡ» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታደለ ስለ ሙዚቃው ብዙ ተናገረ። ሕይወት በር ስትከፍትልን ፊቴን አየችው፤ ሻይ አፍልታ አመጣችልኝና፣ «ነግረዋቸዋል?» አለችኝ። ነገርኳቸው አልኩ። «ጎሽ» አለችና ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች።

አምስተኛው ቀን፣ እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። በማግሥቱ የምመለስበት ቀን ስለነበረ ይህ የመጨረሻዬ ነው። የሚለማመዱት በኔት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ታደለ ይህን ሲያይ በዐይኑ ሳቀብኝ፣ ደግነቱ ምንም አልተናገረም። ወይዘሮ ፉሚኮ መጽሐፉን በማስቀመጫው ላይ አድርገው፣ ማስቀመጫውን ከእርሳቸው ፊት ሳይሆን ከባዶው ምንጣፍ ፊት አቁመውታል።

«ሌሊቱን ልገልጠው ሞከርኩ» አሉ። «የመምህሩ የእጅ ጽሑፍ በመጨረሻው ላይ በሕመም ተበላሽቷል፤ ዐይኔም ደክሟል። እርስዎ ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት አንብበውታል። ይቀመጡና ያንብቡልኝ።»

ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ተቃወመኝ። መጽሐፉን አነሣሁ፤ ወደ ግንባሬ አስጠጋሁ። ይህን በራሴ ቤት አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም ነበር። ከጥያቄው ሦስት ቅጠል ቀደም ብሎ ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

«እንደ ጋዜጣ አይደለም። በዜማው።»

«ምልክቱ አልተፈቀደልኝም።»

«የሚፈቅዱት ሞተዋል። ታላቅዎ እኔ ነኝ። ፈቅጄያለሁ።»

ድምፄ ለዚህ ሥራ ከተከፈተ ስንት ዘመኑ ነው። መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ጉሮሮዬ ቀስ እያለ ቀዩን ምልክት ተከተለ። ኔት ጊታሩን ማስተካከሉን ተወ። ከሦስተኛው ቅጠል በኋላ ጥያቄው መጣ፤ በሽማግሌ ድምፅ ጠየቅሁ፤ ገጹን ገልጬ በልጅቷ ድምፅ መለስኩ፦ «ሰው አለ፣ አባቴ። ያስገባሁትም እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ፉሚኮ እጃቸውን አነሡ። አቆምኩ።

«አልዋሸችም» አሉ። ለኔት በእንግሊዝኛ ነገሩት። እርሱም፣ እኔ እስከምረዳው ድረስ፣ «ታዲያ የእኛ አሥር ደቂቃ ቀረ ማለት ነው?» አላቸው።

«አልቀረም። ከመልሱ በፊት ነበር፤ ከመልሱ በኋላ ይሆናል። አባትየው ይህን ሰምቶ በሩ ላይ ቆሞ ያለው ያኔ ነው።»

ኔት መላጣውን አሻሸ፤ ከበሮ መቺዋን አየ፤ እርሷ ቀድማ ገብቷት ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

ስለ ደብዳቤዎቹ ወይዘሮ ፉሚኮ በዚያን ቀን አላነሡም፤ ከዚያም ወዲህ በጻፉልኝ ሁለት ደብዳቤዎች ውስጥ አላነሡም። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም። በዚያች ሰዓት ግን ወደ እኔ ዞሩና መጽሐፉን አንድ ቅጠል ወደ ኋላ መለሱት።

«ልጅቷ ስትመልስ ድምፅዎን ያወርዱታል» አሉኝ። «ምልክቱን ይመልከቱ፤ አይወርድም። እንደገና።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁና ከአባትየው ጥያቄ ጀመርኩ።